ግራ የሚወድ ሣጥን

ጥቅምት 4

ለቁንጥንጧ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፣ የመስታወት ሱቄ ደህና ነው፣ ጣሪያው እንደ ልማዱ ያፈሳል። ይህን ደብዳቤ እያነበብሽ ከሆነ ሣጥኑም እጅሽ ገብቷል ማለት ነው፤ ሁለቱንም ለአንድ ሾፌር ነው ያስረከብኩት። «እንደ እንቁላል ያዘው» ስለው፣ «እኔ እንቁላል ሰብሬ አላውቅም፤ ጭኜም አላውቅም» አለኝ። እንግዲህ አምላክ ይጠብቀው ብዬ ሰጠሁት።

ለጥያቄሽ መልስ፣ የለም፣ ከተራረፈ መስታወት አልሠራሁትም። ለአንቺ ትርፍራፊ ይሰጣል ብለሽ ማሰብሽ ራሱ ቅር ብሎኛል። ሣጥኑን ለሁለት የሚከፍለውን ግድግዳ ሱቄ ውስጥ ካለው መስታወት ሁሉ ወፍራሙን መርጬ ነው የቆረጥኩት። ይነቀነቃል ስላልሽኝ እንዳይሰነጠቅ ብዬ ነው። ግድግዳው አልተጣበቀም፤ ወደ ላይ ስትስቢው ይወጣል። የጠየቅሽኝን መስኮትም መሃሉ ላይ በልክሽ ከፍቼልሻለሁ። ክዳኑ የሚከፈተው በቀኝ በኩል ነው፤ እጅሽም የሚገባው በዚያ ስለሆነ የመስኮቱን ከንፈር በዚያ በኩል በሞረድ አለስልሼልሻለሁ። መዳፍሽ ላይ ያለችውን ጠባሳ እኔም አልረሳኋትም። በግራው ክፍል ታችኛው ጥግ ላይ ምልክቴን ጭሬበታለሁ፤ እሱ እንኳ ለጉራ ነው።

ከሱቁ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ «እህትህ ምን እያጠናች ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መነቅነቅ ታጠናለች አልኩት። «እሱንማ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቅበት የለም እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? እስቲ አንቺ ንገሪኝ፤ ሁለት ክፍል ያለው ባዶ ሣጥን ምን ይሠራል? እኔ ሰው የማይኖርበት ቤት ሠርቼ አላውቅም።

መቼ ትመጫለሽ?

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህልኝ? እትዬስ እንዴት ናት? ሣጥኑ ያለ አንዲት ጭረት ደርሷል። ሾፌሩ ሲያስረክበኝ ላቡን እየጠረገ «ከእንግዲህ ድንጋይ ነው የምጭነው» አለኝ። ምን ብለህ እንዳስፈራራኸው እንጃ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት ሁሉ እየመጡ አዩት። ኃላፊዬም በመነጽራቸው ሥርም በላይም አዩት። እኚህ ሽማግሌ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ምንም ነገር ብታሳያቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይደገም።» እኛ በሌሉበት አቶ ይደገም እንላቸዋለን። ልጃቸው ስታገባ ሠርጉ ላይ «ይደገም» ብለዋል እየተባለም ይታማሉ።

የሠራኸው ቤት ሰው አለበት። ነዋሪዎቹ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ የብርጭቆ ብዮች ናቸው። ሣጥኑን የሚነቀንቅ ማሽን ላይ አስረዋለሁ። ማሽኑ በኃይል ሲነቀንቃቸው ብዮቹ እንደ ንብ እየተነሡ በመስኮቱ ይመላለሳሉ፤ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ ሆኖ ይኖራል። ንቅናቄውን ቀስ እያልኩ ስቀንሰው ግን ጉድ ይታያል። በአጋጣሚ አንዱ ክፍል ውስጥ ትንሽ ይበዛሉ። የበዙበት ቦታ ይጋጫሉ፤ ሲጋጩ ጉልበታቸው ያልቃል፤ ጉልበቱ ያለቀ ደግሞ መስኮቱ ጋ ለመድረስ መዝለል አይችልም። ወዲያኛው ክፍል የቀሩት ግን ቦታው ስለሚሰፋቸው እየዘለሉ ይመጣሉ፣ መጥተውም ይቀራሉ። መጨረሻ ላይ አንዱ ክፍል ጢም ይላል፣ ሌላው ወና ይሆናል። የገፋቸው የለም፣ የጠራቸው የለም። የእኛን ወጥ ቤት አስበው እስቲ። ሳሎኑ ባዶ ሆኖ ሰው ሁሉ እዚያች ጠባብ ቦታ ተፋፍጎ የሚቆመው ማን ጠርቶት ነው?

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ግራው ክፍል፣ ምልክትህ ያለበት ውስጥ ተከማቹ። በደስታ ጮህኩ። አቶ ይደገም ምን እንዳሉ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ።

ይህ ግን ገና መግቢያው ነው። ትልልቅና ትንንሽ ብዮችን ስደባልቅ ክምሩ አንድ ቦታ አይቀርም። ትንንሾቹ ትልልቆቹን ከሥር እየጎሸሙ ያስነሷቸዋል፤ ትልልቆቹ ወጥተው ሲሄዱ ትንንሾቹም ይከተላሉ። ክምሩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይወዛወዛል። ሌላ ቦታ ያሉ ሰዎች ይህን አይተዋል። እኔ የማጠናው መወዛወዙ መቼ እንደሚጀምር ነው። ለልብስ ሰፊው እንዲህ በልልኝ፦ እህቴ የምታጠናው የሄደ መቼ እንደሚመለስ ነው።

ማሽኑ እየጠበቀኝ ነው። እትዬን ሳምልኝ።

እህትህ


ኅዳር 2

ለእህቴ፣

ሰላም ነሽ? ቁንጥንጧ ያላልኩሽ ስለተቀየምኩ ነው። ገጹ ሳያልቅ ይበርድልኝ ይሆናል፤ አሁን ግን ገና ነኝ።

ከብዮቹ ደብዳቤ ቀጥሎ በላክሽልኝ ላይ «ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸውን እርግጠኛ ነህ?» ብለሽኛል። አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ። ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ማስመሪያ፣ በአንድ እጅ ነው የለካኋቸው። መስታወት እንጨት አይደለም፤ ቢያጥር አይቀጠልም፣ ቢረዝም አይታጠፍም። እኔ መስታወት ስቆርጥ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ባለቤቴም ልትጠራኝ ስትመጣ ትንፋሼ እስኪመለስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ጥያቄሽን ሳነብላት «ስለ ሣጥኑ ጠየቀች እንጂ ስለ አንተ መች ጠየቀች?» አለችኝ። እኔ ግን ልዩነቱ አይታየኝም።

ይልቅ ጠረጴዛሽን በውሃ ልክ አይተሽዋል? ሰው ዕቃውን መውቀስ ይወዳል፤ ወለሉን አያይም። ደንበኛ «በርህ ጠመመ» ብሎ ይጠራኛል፤ ሄጄ ሳየው የጠመመው ቤቱ ነው። ሣጥን ከመውቀስሽ በፊት ጎንበስ ብለሽ ወለሉን እዪ።

ይኸው፣ በረደልኝ።

ቁንጥንጤ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። በዚሁ ደብዳቤሽ ላይ «ደህና ነኝ» የሚለው ቃል በየመስመሩ አለ። ደህና የሆነ ሰው አንዴ ብሎት ያልፋል። ስለ ብዮቹ ደግሞ ምንም አላልሽም፤ ገጹን የሞላሽው ስለ አየሩ በመጻፍ ነው። ስለ አየር ግድ ኖሮሽ ያውቃል? ዝናብ ላይ ቆመሽ ዘነበ እንዴ የምትይ ልጅ ነሽ። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ስናወራ እንጣላለን፤ በደብዳቤ ሲሆን ለመቆጣት ብዙ መጻፍ ስለሚያስፈልግ ቁጣው መንገድ ላይ ይቀራል። የሆነው ሁሉ ይሁን፣ ጻፊልኝ።

መቼ ትመጫለሽ?

ወንድምሽ


ኅዳር 16

ወንድም ጋሼ፣

ሁለት ይቅርታ ነው የምጠይቅህ፤ አንዱን ስለ ጥያቄዬ፣ ሌላውን ስለ አየሩ።

ደህና አልነበርኩም። ብዮቹ ሁልጊዜ ግራ ናቸው። አንድ ዓይነት ባደርጋቸው ግራ፣ ብደባልቃቸው ግራ፣ ማሽኑን ባበረታው ግራ፣ ባለሳልሰው ግራ። ደግሞ ከገቡ አይወጡም። መወዛወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ሰዓቴ ሳትነሣ ቆማለች። ሳንቲም ስትወረውር ሁሌ በአንድ ፊቱ ከወደቀልህ ዕድለኛ ነኝ አትልም፤ ሳንቲሙን ትጠረጥራለህ። ያን ቀን በደስታ የጮህኩትን ሳስበው አሁን አፍራለሁ።

በጥር መጀመሪያ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። እነሱ ፊት መወዛወዙን ካላሳየሁ ማሽኑ ለሌላ ቡድን ይሰጣል። ያለ ማሽን ደግሞ ጥናት የለኝም፤ ትምህርቴ እዚህ ላይ ያበቃል። አቶ ይደገም ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን ማየት አቅቷቸው ከብዮቹ ጋር ነበር የሚያወሩት። ከአንተ የደበቅኩት እኔን ለማስተማር የገጠምከውን በርና መስኮት ሁሉ እያሰብኩ ነው። በየት አፌ ልንገርህ?

ውሃ ልኩን አስቀምጬ አየሁት። አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች፤ ጠረጴዛውም ወለሉም ደህና ናቸው። መጨረሻ ላይ ሣጥኑን ራሱን አዞርኩት። ምልክትህ ያለበት ክፍል አሁን በቀኜ ሆነ። ብዮቹ ወዴት ሄዱ መሰለህ? ወደ ምልክትህ። ያኔ ገባኝ፤ ግራ የሚወደው ጠረጴዛው አይደለም፣ ሣጥኑ ነው።

ከዚያ ግድግዳውን ስቤ አወጣሁት። ጓንቴን አወለቅኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን በመስኮቱ ከንፈር ላይ አሳለፍኩ። በአንድ በኩል እንደ ሳሙና ይለሰልሳል፣ በሌላ በኩል ስለት ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። አለስልሼልሻለሁ ብለኸኝ ነበር፤ እኔም አንብቤ፣ ፈገግ ብዬ አልፌዋለሁ። መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ ከቀኝ የሚመጣው ብይ በለሰለሰው ላይ ተንሸራቶ ይገባል። ከግራ የሚመጣው ግን ከስለቱ ጋር ተጋጭቶ ወደ መጣበት ይወድቃል። መግባት አለ፣ መውጣት የለም።

እንዳታዝንብኝ። አልቅሻለሁ፤ ግን ከንዴት አይደለም። ስለ መዳፏ የሚጨነቅ ሣጥን ያላት ተማሪ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት። እባክህ በሁለቱም በኩል የለሰለሰ ሌላ ግድግዳ ቆርጠህ ቶሎ ላክልኝ። ከጥር በፊት ከደረሰልኝ ተርፌያለሁ።

እህትህ


ኅዳር 29

ለቁንጥንጤ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ቃል የለኝም። ግድግዳው ይቆረጣል። ብቻ አሁን ወፍራም መስታወት ከገበያ ጠፍቷል። የአንድ ትልቅ ሆቴል መስኮት ሥራም ይዣለሁ፤ ፋታ አይሰጥም። ሾፌሩም መኪናው ተበላሽቶበታል። ትንሽ ታገሺኝ።

አንቺ በደንብ ብዪ፤ ስትጨነቂ ምግብ ትረሻለሽ።

ወንድምሽ


(እዚያው ፖስታ ውስጥ፣ በሌላ ሰው ጽሕፈት)

እህት ዓለም፣ ፖስታውን ላሽግልህ ብዬ ተቀብዬው ነው ይህችን ቁራጭ የጨመርኳት። የሱቅ መስታወት ሲያወርድ አንሸራቶት ቀኝ እጁን ከአውራ ጣቱ ሥር ቆረጠው። ጅማቱ ተሰፍቷል። ሐኪሙ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ ይላል፤ መቼ መጨበጥ እንደሚችሉ ግን አልነገረንም። ይህን የጻፈልሽ በግራ እጁ ነው፤ ጠዋት ጀምሮ ምሳ ላይ ነው የጨረሰው። ሆቴል የሚባል ሥራ የለም፤ ሱቁ ተዘግቷል። እጁ የማያመውን ያህል ያንቺ ደብዳቤ ያመዋል። «በሞረድ ያበላሸሁትን አሁን በምን ላስተካክለው?» እያለ ይቆዝማል። እንዳልነግርሽ አስምሎኛል። እኔም አፌን ዘግቻለሁ፤ እጄን ግን አላስማለኝም።


ታኅሣሥ 8

ወንድም ጋሼ፣

ለሆቴሉ ሥራ እንኳን ደስ አለህ። ስንት ፎቅ ነው? መስኮቶቹ ወደ ውጭ ነው የሚከፈቱት ወደ ውስጥ? ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነው?

ተወው፣ አልችልበትም። ቀልዱን ልቀጥልበት ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሁሉንም አውቄያለሁ። በማን አወቅሽ አትበለኝ። እትዬን ብትቆጣት ግን እኔና አንተ በስልክ እናወራለን፤ ያኔ የሚሆነውን ታውቀዋለህ። የአየሩን ነገር ጽፌ ወዲያው የያዝከኝ ሰው፣ እኔ ሆቴልህን የማልይዝ መሰለህ? ያንተ ጽሕፈት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ዶሮ ጭራው አያውቅም። እንኳን ጉልበትህ ላይ፣ መሰላል ላይ ቆመህ ደረሰኝ ስትጽፍም አይቼሃለሁ።

ፈርቼ ነበር። ወረቀቷን ሳነብ ማሽኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አቶ ይደገም መጥተው «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ወንድሜ እጁን ተቆረጠ አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ «ይደገም» ሳይሉ ቀሩ። ወንበራቸውን አምጥተው አስቀመጡኝ፤ ውሃ ሰጡኝ። የእሳቸውም ወንድም ግንበኛ እንደነበረ የዚያን ቀን ነገሩኝ።

አሁን ስማኝ። ግድግዳውን አትቆርጥም፤ ስለሱ ማሰብም አቁም። እዚህ ያለው ወርክሾፕ ወረፋው ከጥር ያልፋል፤ የሚያስቀድመኝም የለም። ስለዚህ ስለታሙን ጎን ራሴ አለሰልሰዋለሁ። ሞረድ ገዝቻለሁ፤ ሻጩ «ለቢላዋ ነው?» ሲለኝ ለበር ነው አልኩት። ገዛሁ እንጂ አልነካሁትም። መዳፌ ከተቆረጠባት ቀን ወዲህ የተቆረጠ መስታወት በባዶ እጄ የያዝኩት ያኔ ግድግዳውን ሳወጣው ብቻ ነው፤ እሱንም ዓይኔን ጨፍኜ ነው። በልጅነቴ አትንኪ ስትለኝ ነካሁ። አሁን ንኪ በለኝና እንዴት እንደምነካው አስተምረኝ። በግራ እጅህም ቢሆን፣ ተንጋዶም ቢሆን ጻፍልኝ።

እጅህንስ ያምሃል? ዋሽተህ እንዳትጽፍ።

እህትህ


ታኅሣሥ 17

ለቁንጥንጤ፣

ያመኛል። ግን ደስ የሚል ሕመም ነው፤ በፊት ምንም አይሰማኝም ነበርና። ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር፣ አለመሰማቱ። ትናንት ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ «አውራ ጣትህን አንቀሳቅስ» አለኝ። አየኋት፣ አየችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ጎንበስ አለች። ባለቤቴ ሐኪሙን አቅፋ ሳመችው። እኔን ዞር ብላም አላየችኝ።

ስለ ቁራጯ ወረቀት ምንም አላልኩም። የበላሁት ምሳ ግን በጣም ጣፍጦ ስለነበር ጥፋቷን እንደምታውቅ ተረድቻለሁ።

አሁን ወደ ሥራችን። ግድግዳውን አውጥተሽ እርጥብ ፎጣ ላይ አስተኚው፤ ስለታሙ ወደ ላይ ይሁን። ሞረዱን ውሃ አጠጪው፤ ደረቅ ሞረድ መስታወት ያስቆጣል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከራስሽ እያራቅሽ ሂጂ። አትጫኚው። የሚጫን ሰው የፈራ ሰው ነው፤ መስታወትም ፍርሃት ያውቃል። ድምፁን ስሚ፤ መጀመሪያ ይጮኻል፣ እየለሰለሰ ሲመጣ ያንሾካሹካል። ሲያንሾካሹክ አቁሚ፣ በውሃ እጠቢ፣ በጣትሽ እዪው። ዓይንሽን አትመኚ፤ ዓይን ይቸኩላል። አንድ ጣት በእኔ በኩል፣ አንድ ጣት በአንቺ በኩል አድርጊ። የቱ የማን እንደሆነ መለየት ሲያቅትሽ ጨርሰሻል።

ደግሞ አደራ፣ ከኔ ልብለጥ ብለሽ እንዳትቀጥዪ። ያን ጊዜ ቀኝ የሚወድ ሣጥን ይሆንብሽና እኔን ፍለጋ ትመጫለሽ። መምጣትሽን አልጠላም፤ ግን በዚህ ምክንያት አይሁን።

ስለ ጥፋቴ ብዙ አስቤያለሁ። ለአንድ በኩል ብቻ ማሰብ ከዚህ ቀደም ጥፋት መስሎኝ አያውቅም ነበር። እጅሽ ሲገባ አሰብኩለት፤ ሲወጣ ግን አላሰብኩለትም።

ሞረዱን ያዢ። ንኪው።

ወንድምሽ


ጥር 3

ሄዱ! ወንድም ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ሄዱ! ሰላምታውን በኋላ እጽፍልሃለሁ፤ እንደ ብልግና አትቁጠርብኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሞረዱን ያዝኩ፤ ፈርቼ ስለተጫንኩት መስታወቱ ከመጮህ አልፎ ተሳደበ። አትጫኚው ያልከኝ ትዝ አለኝ፤ ላላ አደረግኩት። ከዚያ ማንሾካሾክ ጀመረ። አጥቤ ጣቶቼን ግራና ቀኝ አደረግኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። የቱ ያንተ፣ የቱ የኔ እንደሆነ ጠፋኝ። ዓይኔን ስገልጥ መዳፌ ላይ አንዲት አዲስ ጭረት የለም። ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ።

መጀመሪያ አንድ ዓይነት ብዮች ብቻ ጨመርኩ። ግራ ሄዱ። ልቤ አብሯቸው ወረደ። እንደገና ጀመርኩ፤ ማሽኑን ቀስ እያልኩ ቀነስኩ። ትንሽ ተመላለሱ፣ አመነቱ፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ምልክትህ ወደሌለበት ክፍል ይዘሉ ጀመር። ያ ሁልጊዜ ወና የሚሆነው ክፍል ጢም አለ። ምልክትህ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ቀረች። በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ባዶ ክፍል አላየሁም። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ግራ፣ አንዳንዴ ቀኝ ሆነ። ሣጥኑ ማንንም አይወድም፤ ማንንም አይጠላም።

ገምጋሚዎቹ የመጡ ዕለት የተደባለቁትን ጨመርኩ። ግራው ክፍል ተከምረው ዝም አሉ። ዝም፣ ዝም። አንደኛዋ ገምጋሚ ሰዓቷን አየች። እኔ አማተብኩ ብልህ አትስቅብኝ፤ በሆዴ ነው። በድንገት አንድ ትልቅ ብይ ከክምሩ ላይ ተነሥታ በመስኮቱ አለፈች። ሌላዋ ተከተለቻት። ከዚያ እንደ በዓል ቀን ገበያ ወደ ቀኝ ጎረፉ፤ ትንንሾቹም በመጨረሻ ተንጠባጥበው ሄዱ። ትንሽ አረፉ። ከዚያ ደግሞ ወንድም ጋሼ፣ ተመለሱ። ተመለሱ እኮ! ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ሄዱ። ሰዓቷን ያየችው ሴትዮ ሰዓቷን ረስታ አፏን ከፍታ ቀረች።

አቶ ይደገም «ይደገም» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው መነጽራቸውን ጠረጉ። ደገምኩት። ደግሜ ደገምኩት። ማሽኑ ከኔ ጋር ይቆያል። ትምህርቴን እቀጥላለሁ። እፎይ ማለት ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ፤ ከጥቅምት ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ ነው የለቀቅኩት። አንተ መስታወት ስትቆርጥ የምትይዘውን ዓይነት።

በደብዳቤህ መጨረሻ «መቼ ትመጫለሽ?» ያልከኝን ጥያቄ ሁልጊዜ ያላየሁ መስዬ አልፌዋለሁ። ባዶ እጄን ፊትህ መቆም ፈርቼ ነው። አሁን ልመልስልህ፦ ገምጋሚዎቹ የሰጡኝን እርማት እንደጨረስኩ፣ በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ። ለልብስ ሰፊውም ንገረው።

እንዴት ናችሁ? ይኸው፣ ሰላምታው።

እህትህ


ጥር 20

ለቁንጥንጤ፣

ጽሕፈቴን እዪው። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ትንሽ ይንገዳገዳል እንጂ ቆሟል። እኔም እንደ ብዮችሽ ግራ ሄጄ ከርሜ ወደ ቀኝ ተመለስኩ።

ደብዳቤሽን ለባለቤቴ ሳነብላት «ሄዱ» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ እምቢ አለኝ። ነጥቃኝ እሷ ልትጨርሰው ሞከረች፤ «ተመለሱ» ላይ ስትደርስ የእሷም እምቢ አለ። መጨረሻውን ያነበበልን ልብስ ሰፊው ነው። አንብቦ ሲያበቃ ለካ መነቅነቅም ያስከብራል አለ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ወደ እኔ እያየ «ያንተ እህት ይህንንም ታጠናልኝ» ይላል።

ሱቁን ከፍቻለሁ። ቀላል ቀላል ሥራ ብቻ ነው፤ ከባዱን ሐኪሙ ከልክሎኛል። እጄ ጠዋት ላይ ትግደረደራለች፣ ከሰዓት ትታዘዛለች። ባለቤቴ የሱቅ መስታወት ሲወርድ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ትይዘዋለች።

ለራሴ የሠራሁት የመጀመሪያ ሥራ የክፍልሽን በር መስታወት ነው። ከሄድሽ ጀምሮ ተሰንጥቆ ነበር፤ የሚገባበት ሰው ስለሌለ ትቼው ነበር። እኛም እንደ ብዮችሽ አንዷ ክፍል ውስጥ ተከማችተን ያንቺን ወና አድርገናት ነበር። አሁን አዲስ ገጥሜበታለሁ። ዳሩን በሁለቱም በኩል አለስልሼዋለሁ፤ ስትገቢም ስትወጪም አይቆርጥሽም።

ወንድምሽ